የሲሚንቶ እንግሊዝኛ

ባሌ እንግሊዝኛ ያውቃል። ይህን እኔ ብቻ ሳልሆን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ራሱ ነው የነገራቸው። ሙያው ግንበኝነት ነው። ከሰው አገር የመጣ ፎርማን ሥር ብዙ ዓመት ሠርቷል። ያ ፎርማን ከአፉ የሚወጣው ሁሉ እንግሊዝኛ ነበር፣ ስድቡም ጭምር። ስለዚህ ባሌ ስድቡን አሳምሮ፣ ትእዛዙን በደንብ፣ ሰላምታውን ደግሞ እንደ ነገሩ ያውቃል። በሰፈራችን የሚጠራው "ውሃ ልክ" እየተባለ ነው። ግድግዳ ይቅርና ጎረቤት ቤት የተሰቀለ ፎቶ እንኳን ጠመም ካለ ሳያቃናው አይቀመጥም።

አሁን ግን ቤት ነው የሚውለው። ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ጉልበቱን ተጎዳ። ሐኪሙ ጉልበቱን ጫን እያደረገ "እዚህ ጋ ያምሃል?" ሲለው ባሌ ኮራ ብሎ "ኤ ቢት" አለ። ትንሽ ማለቱ ነው። ሐኪሙ ትንሽ ነው ብሎ አሰናበተን፣ እኔም ትንሽ ነው ብዬ አመንኩ። ከዚያ ወዲህ ምን ቢጠይቁት መልሱ ያው ነው። ደረጃው አስቸገረህ? ኤ ቢት። ቤት መዋል ሰለቸህ? ኤ ቢት። ትንሽ ከሆነማ ምን ይደረጋል እያልኩ ሽንኩርቴን እልጣለሁ።

እኔ ምግብ አብሳይ ነኝ። የምሠራበት የተማሪዎች ካፍቴሪያ ሲዘጋ እኔም ቤት ገባሁ። ሁለት ሰው ቀኑን ሙሉ በአንድ ጠባብ ቤት ሲውል ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። እኔ ሳበስል እሱ ከኋላዬ ቆሞ ድስቱ ምድጃው ላይ ቀጥ ብሎ እንዳልተቀመጠ ይነግረኛል። እኔ ደግሞ ሾርባ ግድግዳ እንዳልሆነ እነግረዋለሁ። እንዲህ ስንነታረክ ይመሻል።

አንድ ቀን እትዬ መጡ። እትዬ የባሌ ታላቅ እህት ናቸው፤ ዋናው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ሆነው ይሠራሉ። ገና ሳይቀመጡ፣ "ሾርባ የምትሠራዋ ልጅ ለቀቀች። ሼፏ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ልትፈትን ነው፤ ስላንቺ ነግሬያታለሁ" አሉኝ።

ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ። ያቺን ምግብ ቤት አውቃታለሁ። በመስኮቷ በኩል የወጥ ቤቱ ነጭ ሸክላና በተርታ የተሰቀሉት ጭልፋዎች ይታያሉ። ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ አያለሁ፤ ሌላ ሴት የወርቅ ቤት መስኮት እንደምታየው። አንዱን ጭልፋ ሳይቀር የኔ ብዬ መርጫለሁ፣ እጀታው እንጨት የሆነውን።

"ግን አንድ ጣጣ አለው" አሉ እትዬ። "እዚያ የሚሠራው ሰው ከየአገሩ የተሰበሰበ ስለሆነ የሚግባባው በእንግሊዝኛ ነው። ሼፏ ደግሞ ሚዛን የሚባል ነገር ዓይኗ እንዲያይ አትፈልግም። ጀርባዋን ሰጥታ የራሷን ሥራ እየሠራች ከወዲያ ትጮሃለች። ፒንች ትላለች፣ ዳሽ ትላለች፣ ስፕላሽ ትላለች። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ማለት ነው፣ ግን አንዱ ትንሽ ካንዱ ትንሽ ይለያል። እስክትጨርስ ድረስ መቅመስ የለም፤ እንደተባሉት መጨመር ብቻ ነው። የቀድሞዋን ልጅ ያማረራት ይሄ ነው።"

"ፒንች የሚሉት ታዲያ ምን ያህል ነው?" አልኩ።

እትዬ አፋቸውን ሳይከፍቱ ከአልጋው ጫፍ ድምፅ መጣ። "እትዬ፣ ተይው። እሱን ለኔ ተይልኝ።"

ባሌ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ፊቱ ወለል ብሏል። "ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚህ ቋንቋ አይደለም እንዴ? ፎርማኑ ከዚህ ሌላ ምን ይል ነበር? ኤ ስፕላሽ ኦፍ ዋተር! ኤ ዳሽ ኦፍ ሳንድ! ውሃ፣ አሸዋ፣ ሲሚንቶ... እኔ እያለሁ ሌላ አስተማሪ ልትፈልጉ?"

እትዬ እኔን አዩኝ፣ እኔም እሳቸውን አየኋቸው። ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ሞቅ ብሎት ሲናገር ሰምተነው አናውቅም። ማናችንም ልንከለክለው አልደፈርንም።

በማግስቱ ትምህርት ተጀመረ። መጀመሪያ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠጋ። ከዚያ ውሃ ልኩን ከሣጥኑ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አረፋዋ መሐል ላይ እስክትቆም ድረስ አንዱ እግር ሥር ካርቶን እያጠፈ ሲወትፍ ቆየ። "በተንጋደደ ጠረጴዛ ላይ አላስተምርም" አለኝ። ጨው፣ ዱቄት፣ ቅቤ፣ ኮምጣጤና አንድ ጆግ ውሃ ደረደርኩ፤ የቅመሙንና የየዕቃውን የእንግሊዝኛ ስም እትዬ ቀድመው አስጠንተውኛል።

"ወይዘሮ ተማሪ፣ ጠጋ በይ። ፒንች!" ብሎ እጁን ጨው ዕቃው ውስጥ ከተተ።

የባሌን እጅ ማየት አለባችሁ። ድንጋይ ሲያነሳ የኖረ እጅ ነው፤ የአውራ ጣቱ ጫፍ ብቻ የኔን ሁለት ጣት ያክላል። በሦስት ጣቱ ቆንጥሮ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። ጨው ጉብ አለ።

"ይሄ ሁሉ?" አልኩት።

"ፒንች ነው እኮ ነው የምልሽ። የልስን ቀለም ስናዘጋጅ ፎርማኑ ፒንች ሲለኝ ይሄን ነበር የምጨምረው። አንድ ቀን እንኳን በዛ ብሎኝ አያውቅም።"

በኔ ጣት ያንን ያህል ለማምጣት ደጋግሜ መመላለስ ነበረብኝ። ተመላለስኩ። ቀጥሎ ስፕላሽ መጣ። ጆጉን አንስቶ ግማሹን ድስት ውስጥ ገለበጠው፤ ከድስቱ የተረፈው እግሬ ላይ ሆነ። ዳሽ ደግሞ ብዛቱ ብቻ ሳይሆን አወራወሩም ጭምር ነው አለ። "ከእጅ አንጓ ነው። ቀልጠፍ አድርጎ ጭው!" ልስን ግድግዳ ላይ እንደሚወረውረው አድርጎ ዱቄቱን ወረወረ፤ መጋረጃው ነጭ ሆነ። ዳብ የሚባል ደግሞ አለ። ጡብ ከመቀመጡ በፊት ከሥሩ የሚደረገው ምርግ ነው፣ አንድ ሙሉ የግንበኛ ማንኪያ። በቅቤ ሲሆን አንድ ጭልፋ ሆነ።

የሚገርመው ነገር እጄ አላመነም ነበር። ያንን ጨው ስቆነጥር እጄ "ኧረ ተይ፣ ኧረ ተይ" ይለኝ ነበር። ግን እኔ ምን አውቃለሁ? የማላውቀውን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እየነገረኝ ከእጄ ጋር ልማከር እንዴ! ምናልባት የነሱ ሾርባ እንዲህ ይሆናል ብዬ አፌን ዘጋሁ።

ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤታችን ቤት መሰለ። ልብስ ሳጥብ ከበስተኋላዬ "ዳሽ!" ብሎ ይጮሃል፤ ሳሙናውን ትቼ አረፋውን ከአንጓዬ እወረውራለሁ። ከሽንት ቤት ሆኖ "ስፕላሽ!" ይላል። "አንተ ሰውዬ፣ እሱን እንኳን እዚያው ጨርሰው" እለዋለሁ። ሳቅ በሳቅ እንሆናለን። ሊያሳየኝ ሲል ከአልጋው ብድግ ይላል፣ ከዚያ ጠረጴዛውን ጨበጥ አድርጎ ጥርሱን ነከስ ያደርጋል።

"አመመህ?"

"ኤ ቢት። በይ ቀጥይ፣ ፒንች!"

ቅዳሜ ጠዋት ካልሸኘሁሽ ብሎ ድርቅ አለ። ንጹሕ ሸሚዙን ለበሰ። አውቶቡስ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ የመንገደኛውን ሁሉ መተላለፊያ ዘጋ፤ የተቆጣውንም ሴትዮ "ባለቤቴ ፈተና አለባት" ብሎ ዝም አሰኛት። ከምግብ ቤቷ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ተቀመጠ።

"አትፍሪ" አለኝ። "እጅሽ አይሰስት። ፈሪ ነው ቆጥቦ የሚቆነጥረው።"

ሼፏ ቀጭን ሴት ናት፣ ፀጉሯን በነጭ ሻሽ ጠቅልላ ያሰረች፣ እጆቿ እንደ ወፍ ቶሎ ቶሎ የሚሉ። ካሮትና ሽንኩርቱ የሚንተከተክበትን ድስት በአገጯ አሳየችኝና ጀርባዋን ሰጥታኝ ዓሣ መቁረጥ ጀመረች። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

"ሶልት! ኤ ፒንች!"

አወቅኩት! ወደ ጨው ዕቃው ተመላለስኩ። እጄ ኧረ ተይ አለኝ፤ ዝም በል አልኩት።

"በተር! ኤ ዳብ!" ዓይኔን ጥዬባት የነበረችውን ባለ እንጨት እጀታ ጭልፋ ከተሰቀለችበት አውርጄ ቅቤውን ሞልቼ ድስቱ ውስጥ ዘረገፍኩት። "ቪኔገር! ኤ ስፕላሽ!" የኮምጣጤውን ጠርሙስ ግማሽ ገለበጥኩ። ዕቃ የሚያጥበው ሰውዬ ዓይኑን እያሸ ወደ በሩ ሸሸ። "ፔፐር! ኤ ዳሽ!"

ከአንጓዬ ነው የወረወርኩት። ቁንዶ በርበሬው ገሚሱ ድስቱ ውስጥ፣ ገሚሱ ነጩ ሸክላ ላይ፣ የቀረው የሼፏ ማጅራት ላይ አረፈ።

ሼፏ አስነጠሳት። ዞረች። ድስቱን አየች፣ ጠርሙሱን አየች፣ ግድግዳውን አየች። ማንኪያ አንስታ ቀመሰች። ጉንጮቿ ወደ ውስጥ ገቡ፣ አንድ ዓይኗ ተጨፈነ፣ ሌላኛው እንባ አቀረረ። የሆነ ነገር ጠየቀችኝ፤ ቃሉ ፒንችም ዳሽም ስላልሆነ አልገባኝም። ወደ በሩ ሄዳ እትዬን ጠራች።

"ማን ነው ያስተማረሽ እያለች ነው" አሉ እትዬ።

አንገቴን ደፋሁ። ጭልፋዋ እጄ ላይ ነበረች፣ ልትቀርብኝ መሆኑ ገብቶኛል። ግን ባሌ ነው ብል ደግሞ በሰው ፊት እሱን ማዋረድ ሆነብኝ፤ አፌ እምቢ አለ። እትዬ ግን ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለው አሸተቱና የወንድማቸውን እጅ ወዲያው አወቁት። የበሩን መቃን ይዘው ተንፈራፈሩ። በሳቅ መሐል "ሃዝባንድ" አሉ፣ "ሲሜንት" አሉ፣ ከዚያ በመስኮቱ በኩል በጣታቸው አሳዩ።

ባሌ ማዶ ተቀምጧል፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ዓይኑን መስኮቱ ላይ ተክሎ። ሦስታችንም ስናየው፣ ፈተናውን አለፈች ማለት ነው ብሎ መሰለኝ፣ ፊቱ በራ። ያንን እጁን ከፍ አደረገና ሦስት ጣቱን ሰብስቦ አሳየን። ፒንች! በርቺ ማለቱ ነው።

ሼፏ እጁን አየች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ቢላዋዋን አስቀምጣ ሽርጧን ፊቷ ላይ ጋርዳ ሳቀች። ስትጨርስ የኔን እጅ ያዘች። ሁለት ጣቴን ጨው ውስጥ አስገብታ አወጣችው፤ ጫፋቸው ላይ የቀረው ጨው ለዓይን እንኳን አይሞላም። አንድ ነገር አለች።

"በሰው እጅ አይበሰልም፣ ባንቺ እጅ ሥሪ እያለች ነው" አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ሌላ ድስት ሰጠችኝ። እንደገና ጀርባዋን ሰጥታ ጮኸች፤ እኔ ደግሞ በዚህኛው ጊዜ የሰማሁት እጄን ነው። እጄ ይበቃል ሲለኝ አቆምኩ። ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። ከዚያ ከመስቀያው ላይ ንጹሕ ሽርጥ አውርዳ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ።

"ሰኞ ጠዋት ትጀምሪያለሽ" አሉ እትዬ።

እልል ማለት አማረኝ። ግን ወዲያው ማዶ ያለው ሰውዬ ትዝ አለኝ። "እትዬ፣ በሞቴ፣ እንዳይነግሩት" አልኳቸው። "ከወደቀ ወዲህ እንደ ሰው የሆነው በዚህ ነገር ነው። ካወቀ ይሰበርብኛል።"

"እሺ፣ እሺ። ሳቄን የት እንደማደርገው ግን እንጃ" አሉኝ።

ያኔ በመስኮቱ አየሁት። ሊነሳ እየሞከረ ነው። ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ከፍ አለ፣ መሐል ላይ ቆመ፣ ፊቱ ተጨማደደ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ግራና ቀኝ አይቶ ማንም እንዳላየው ሲያውቅ ሸሚዙን አስተካከለ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ስፕላሹ ግማሽ ጆግ ነው። ዳቡ አንድ ጭልፋ ነው። ፒንቹ ሙሉ ድስት የሚያበላሽ ነው። ታዲያ እነዚያ ሁሉ "ኤ ቢት"ዎቹ ምን ያህል ነበሩ? አንጀቴን በላው። እሱ በራሱ ልክ ሲናገር እኛ በሐኪሙ ልክ ስንሰማው ኖረናል።

ልወጣ ስል ሼፏ ጠራችኝ። ከመጀመሪያው ድስት በክዳን ኩባያ ሞልታ እየሳቀች ሰጠችኝ።

"ለመምህሩ ነው ብላለች" አሉ እትዬ፣ እንደገና መቃኑን እየያዙ።

እምቢ አይባል፣ ገና አሁን የቀጠረችኝ ሴት ናት። መንገድ ላይ ልደፋው አሰብኩ፤ እሱ ግን ከሩቅ አይቶት እጁን ዘርግቷል።

"አለፍኩ!" አልኩት።

"አላልኩሽም!" ብሎ ጭኑን መታ። "ፒንቹን እንዴት ተቀበለችው?"

"እንባዋ ነው የመጣው።"

"አየሽ! እስቲ ወዲህ በይው ሾርባሽን።"

"ትኩስ ነው፣ ቤት ስንደርስ..."

ክዳኑን ከፍቶ ተጎነጨ። ጉንጮቹ ወደ ውስጥ ገቡ። ዋጠው። ኩባያውን አየ፣ ቀና ብሎ መስኮቱን አየ፤ እትዬ ከመስታወቱ ጀርባ ቶሎ ተሰወሩ። ደግሞ ተጎነጨ። ሳያቋርጥ እስከ አተላው ጠጣው፤ እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ።

"ይሄ የኔ ፒንች ነው" አለ ቀስ ብሎ።

መዋሸት አልቻልኩም። "አዎ፣ ያንተ ነው።"

"ታዲያ እንዴት አለፍሽ?"

"ሌላ ድስት ሰጠችኝ። እሱን በራሴ እጅ ሠራሁት።"

እጁን እያገላበጠ አየው። ተሰበረ፣ አለቀ አልኩ በልቤ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ ከንፈሩ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

"እኔ ግን" አለ፣ "በዚህ ሾርባ ጡብ ብደረድር ዕድሜ ልኩን አይሰነጠቅም ነበር።"

ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ፤ እንደዚያ ሲስቅ አግዳሚው ወንበር ከኛ ጋር ተነቃነቀ። ሲበቃው ጉሮሮውን ያዘ።

"ውሃ አምጪልኝ።"

"ምን ያህል?"

"ስፕላሽ።"

ከጥጉ ሱቅ ትልቁን ጠርሙስ ገዛሁ። ሳይተነፍስ አጋመሰው።

"ጉልበትህን ያምሃል?" አልኩት።

"ኤ ቢት።"

"በማን ልክ?"

አፉን ሊከፍት ብሎ ዘጋው። የጠርሙሱን ክዳን አጠበቀ፣ ፈታ፣ እንደገና አጠበቀ። የሚያልፈውን መኪና ተመለከተ።

"በኔ" አለ።

ክንዱን ያዝኩት። "ዛሬውኑ ሐኪሙ ጋ እንመለሳለን። እዚያ ስንደርስ አንተ ዝም ትላለህ፣ እኔ ነኝ የምናገረው።" ይቃወመኛል ብዬ ነበር፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። አውቶቡሱ ሲመጣ፣ ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሙሉ ክብደቱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ተነሳ። ከብዶኛል። ደስ ብሎኛልም።

ወንበር አግኝተን ተቀመጥን። ንጹሑ ሽርጥ ጭኔ ላይ ነው፤ እሱ ጠርዙ በቀጥታ መታጠፉን በጣቱ እያስተካከለ ነው።

"ሰኞ እኔ ስሄድ ቀኑን ሙሉ ብቻህን ነህ" አልኩት። "እናፍቅሃለሁ?"

ወደ መስኮቱ ዞረ።

"ኤ ቢት" አለ።

በማን ልክ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።